ከሁለት ያጣ ላለመሆን፦ ትንሽ የአካባቢ ዜና ክፍል እየመሩ ራስም መዘገብ

ለትርፍ ባልተቋቋመ ትንሽ የአካባቢ ዜና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ማዕረጉ ብዙ ነው። ጠዋት ዋና አዘጋጅ፣ ረፋድ ላይ ዘጋቢ፣ ከምሳ በኋላ ገንዘብ ለማኝ፣ ማታ ደግሞ የድረ ገጹ ፓስወርድ ጠፍቶበት የሚንከራተት ሰው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ብዙ ሰው ችግሩ የሰዓት እጥረት ይመስለዋል። ሰዓቱማ ያጥራል። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ አለቃ የጻፈውን ዘገባ ደፍሮ «ይሄ አልተጣራም» የሚል ሰው አይገኝም።

ይሄ የገባኝ በራሴ ስህተት ነው። አንድ ዓርብ ማታ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት በጀት ጻፍኩ፣ ራሴው አረምኩት፣ ራሴው ለጠፍኩት። አንዷን ቁጥር ከአንድ ዓመት ሠንጠረዥ፣ ሌላዋን ከሌላ ዓመት ሠንጠረዥ ወስጄ እያወዳደርኩ ነበር ለካ። ሰኞ አንድ አንባቢ በሁለት መስመር ኢሜይል አስረዳኝ። እሱ ያን ያህል አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ አንዷ ወጣት ዘጋቢያችን ቅዳሜ ጠዋት አንብባው ቁጥሩ እንዳልተዋጠላት ስትነግረኝ ነው። «ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት። «አለቃ ነህ፣ አጣርተህ ይሆናል ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ከዚህ በታች ያለው ከሞላ ጎደል ከዚያች መልስ የመጣ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚወስን በአንድ ገጽ ጻፉ

ሰው ሲያንስ «ሁላችንም ሁሉንም እንሠራለን» ማለት ያምራል። ችግር እስኪመጣ ድረስ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። መልሱ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም ይሁን፣ «እኛ» አይባልም። ዘገባ የሚመድበው ማነው? የሚያርመውስ? አይወጣም ብሎ ማገድ የሚችለው? ድረ ገጹ ላይ የሚለጥፈው? ለጋሽ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው? አለቃው ቢታመም ወይም ስልኩ ቢዘጋ የሚተካው?

ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ቦርድ አለው። የቦርዱ ሥራ ሥራ አስኪያጁን መቅጠርና ማሰናበት፣ በጀት ማጽደቅ፣ ኦዲቱን መከታተልና ገንዘብ በማፈላለግ ማገዝ ነው። ዘገባ ከመውጣቱ በፊት ማንበብ ሥራው አይደለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር እዚያው ገጽ ላይ አስፍሩና ቦርዱ በስብሰባ እንዲያጸድቃት አድርጉ። በሰላሙ ቀን ማለቴ ነው። አንድ የቦርድ አባል የወንድሙ ድርጅት የተነሳበት ዘገባ ሊወጣ መሆኑን ከሰማ በኋላ ይሄን ሕግ ላምጣ ብትሉ፣ ሕጉ ለእሱ ተብሎ የወጣ ይመስላል፣ ጠብ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ሳይሆን ቀን ክፈሉ

«ጠዋት እዘግባለሁ፣ ከሰዓት አስተዳድራለሁ» የሚል ዕቅድ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ዘገባ መጠበቅ ይበዛበታል። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ፋይሉ እስኪመጣ ትቀመጣላችሁ፤ የደወላችሁለት ሰው የሚመልሰው እሱ ሲመቸው ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር የተቀጣጠራችሁበት ሰዓት ይሆናል። እኔ የሠራልኝ በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ለዘገባ መለየት ነው። በእነዚህ ቀናት የለጋሽ ስብሰባ የለም፣ የደመወዝ ጉዳይ የለም፣ ፕሮፖዛል የለም። ካላንደሩ ላይ ሌላው ሁሉ እንዲያየው አድርጋችሁ ዝጉት። ሠራተኞቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

የምትዘግቡበትን መስክም ምረጡ። ድንገተኛ ዜና ለአለቃ አይሆንም። እሳት የሚነሳው እናንተ ቦርድ ፊት ቆማችሁ የሩብ ዓመት ሪፖርት ስታቀርቡ ነው። ለእናንተ የሚሆነው በሰነድ ላይ የቆመ፣ ሳምንት ቢቆይ የማይበላሽ ጉዳይ ነው፦ በጀት፣ ጨረታ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የትምህርት ቤት አስተዳደር። ሁለት ነገር ግን አትንኩ። አንዱ ትልቁ ለጋሻችሁ ያለበትን መስክ ነው፤ እሱን ሌላ ዘጋቢ ይያዘው፣ ሌላ አርታኢም ያርመው። ሁለተኛው ወጣት ዘጋቢያችሁ ስድስት ወር ሲቆፍርበት የቆየውን ጉዳይ ነው። ሊበስል ሲል አለቃ መጥቶ ስሙን የሚያስቀድምበት ቤት ውስጥ ሰው አይቆይም። አየሁት ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ልሞክረው ዳድቶኝ ነበር።

ደረጃ 3፦ አለቃው ላይ አለቃ ሹሙ

ይሄን ደረጃ ዘላችሁ ሌላውን ብትሠሩ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

እናንተ የምትጽፉትን ዘገባ የሚያርም አንድ ሰው በስም ይሰየም። ያ ሰው በዘገባው ጉዳይ ላይ አለቃችሁ ነው። ከነሙሉ ሥልጣኑ፦ ምንጩን መጠየቅ፣ ማስቆረጥ፣ ማዘግየት፣ ጭራሽ ማገድ ይችላል። በዘገባው የተነሳ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ምንም እንደማይደርስበት በጽሑፍ ይስፈርለት። እንዲያው በቃል «አይዞህ፣ ንገረኝ» ማለት አይበቃም። ደመወዙን የምትፈርሙለት እናንተ ናችሁ፣ እሱም ያውቀዋል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለስ? ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከሌላ የአካባቢ ዜና ክፍል አርታኢ ጋር መቀያየር ነው፤ እሱ የእናንተን ያርማል፣ እናንተ የእሱን። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደግሞም እናንተን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ ወይም በፍሪላንስ የሚሠራ አርታኢን በሰዓት መክፈል ነው። ይሄን በጀቱ ውስጥ እንደ ኪራይና ኢንተርኔት በየዓመቱ አስገቡት። ሦስተኛው፣ ሁለቱም ካልተገኘ፣ ከባዱን ዘገባ እናንተ አለመጻፍ ነው። መርታችሁ አሠሩት እንጂ አትጻፉት። የቦርዱን ሰብሳቢ አርታኢ ማድረግ ግን አራተኛ መንገድ አይደለም፤ ገና ደረጃ 1 ላይ የዘጋነውን በር መልሶ መክፈት ነው።

ሹመቱ ከምር መሆኑ የሚታወቀው አርታኢያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሄ ነገ አይወጣም» ሲላችሁ ነው። እኔ ያኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዘገባው በአራተኛው ቀን ወጣ፤ የጎደለችው አንዲት ስልክ ነበረች፣ ተደወለ፣ የሰውየው መልስ የዘገባውን ሁለተኛ አንቀጽ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ሌሎቹም አፋቸው ተፈታ።

አንድ ትንሽ ዘዴ ልጨምር። ጽሑፋችሁን ለአርታኢው ስትልኩ የምትጠራጠሩበትን ቦታ ራሳችሁ በቢጫ ቀልሙና ላኩት። ለመናገር ለከበደው ሰው መግቢያ ትሰጡታላችሁ። ቢጫ የሌለበት ጽሑፍ ከአለቃ ሲመጣ «አልቋል» ተብሎ ነው የሚነበበው።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡ በር ላይ ይቁም

ሕጉን አስቀድማችሁ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ 501 ሲ 3 በሚባለው የግብር ክፍል የተመዘገበ ድርጅት ለምርጫ የቀረበን ዕጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም፤ ክልከላው እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሕጉ ውስጥ አለ። ስለዚህ ለንግድ የተቋቋመ ጋዜጣ «እገሌን ምረጡ» ብሎ ርዕሰ አንቀጽ ሊጽፍ ይችላል፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ዜና ክፍል አይችልም። የዕጩዎችን አቋም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማቅረብ ይችላል፣ ስለ ሥራቸው መመርመርም ይችላል። እዚያው ቅጽ 990 የሚባል ዓመታዊ ሪፖርት አለ፤ የድርጅቱን ገቢና ወጪ፣ የዋና ኃላፊዎቹን ደመወዝ ጭምር ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የትም ሁኑ የት፣ የናንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ከምርጫው ወር በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ እለፉበት።

ከዚያ የለጋሾችን ዝርዝር አውጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ቴክሳስ ትሪቡን የተባለ የዜና ተቋም ለጋሾቹን ድረ ገጹ ላይ ይዘረዝራል፤ ዘገባ ውስጥ የተጠቀሰ ድርጅት ለጋሹ ከሆነ ደግሞ ከዘገባው ግርጌ ይሄንኑ የሚናገር ማሳሰቢያ ያስቀምጣል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዜና ተቋማት ማኅበር የሆነው አይኤንኤን አባላቱ ቢያንስ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጣቸውን ለጋሽ በይፋ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። የእናንተ ወለል ከዚያ ዝቅ ቢል ይሻላል። ትንሽ ቦታ ላይ ትንሽ ገንዘብም ትልቅ ነው።

ማሳሰቢያዋን አርታኢው እንዳይረሳት ለዘገባ ማረሚያ በምትጠቀሙበት ቅጽ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «እዚህ ዘገባ ውስጥ ለጋሻችን አለ?» አዎ ወይም የለም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ለጋሹ ይደውላል። መቼም ክፉ ሰው አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራችሁን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሆስፒታሉ የምትሠሩት ነገር እንዳለ ሰማሁ። ጣልቃ ልገባ አይደለም፣ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ባየው ብዬ ነው።» ይህችን መልስ በቃል ያዟት፦

«ስለደወሉ አመሰግናለሁ። ከመውጣቱ በፊት ከአርታኢዎቻችንና ከጠበቃችን በቀር ከዜና ክፍላችን ውጭ ያለ ማንም ሰው አያየውም፣ ለቦርዳችንም አናሳይም። እርስዎን የሚመለከት ነገር ካለ ዘጋቢዋ ራሷ ደውላ ትጠይቅዎታለች።»

ከዚህ አትጨምሩ። «ምንም የሚያስከፋ ነገር የለውም» ብላችሁ ማረጋጋት ውስጥ ከገባችሁ ዘገባውን ግማሽ ነገራችሁት ማለት ነው። ስልኩን እንደዘጋችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ለአርታኢው ላኩለት። ለዘጋቢዋ ግን አትንገሯት፣ ቢያንስ ዘገባው እስኪወጣ። አንዳንዱ ሰው ይሄን ምስጢረኝነት አይወድም፣ ሁሉ በግልጽ ይሁን ይላል። እኔ ደግሞ ዘጋቢዋ እያንዳንዷን ቃል ስትጽፍ የለጋሹን ፊት እንድታስብ አልፈልግም።

ፕሮፖዛል ስትጽፉ ደግሞ ገንዘቡ ባይመጣም ልትዘግቡት የሚገባችሁን ጉዳይ ብቻ አስገቡ። ስንት ዘጋቢ እንደምትቀጥሩ፣ የትኛውን መስክ እንደምትሸፍኑ ቃል መግባት ይቻላል። ዘገባው ምን ብሎ እንደሚደመድም ቃል መግባት አይቻልም፣ «12 የስኬት ታሪክ እናወጣለን» ማለትም እዚያው ውስጥ ነው። ከአካባቢያችሁ ጋር ብዙም የማይገናኝ መስክ ጥሩ ገንዘብ ስላለው ብቻ ስታሳድዱ ሰው የሚጠብቃችሁን የትምህርት ቤት ዜና ማን ይሠራዋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ደመወዝ የሚደግፉ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ሪፖርት ፎር አሜሪካ ለአካባቢ ዜና ክፍል የሚመደብን ዘጋቢ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ እስከ ግማሽ ድረስ ሲሸፍን፣ ቀሪውን ዜና ክፍሉና የአካባቢው ለጋሾች ይችሉታል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ደስ ይላል፣ ግን የሚያልቅበት ቀን አለው። ውሉን በፈረማችሁ ቀን «ይሄ ሲያልቅ ደመወዙ ከየት ይመጣል?» የሚል መስመር በጀቱ ላይ ጻፉ። ከአንባቢ የሚመጣ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ እዚህ ላይ ነው የሚታደገው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ መጨረሻ የሚካሄደው ኒውስማች የሚባል ዘመቻ አንባቢ በሰጠው ላይ ሌላ ገንዘብ ይጨምራል። የገንዘቡ መጠን ጥሩ ነው፤ እኔ የምወደው ግን አንድ ሰው ሲያኮርፍ ቤቱ የማይዘጋ መሆኑን ነው።

ደረጃ 5፦ ስብሰባ ላይ ሰው ይገኝ

የአካባቢ ዜና ግማሹ የሚገኘው ማንም የማይሄድበት ስብሰባ ላይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አጀንዳውን ብቻ ሳይሆን ከአጀንዳው ጋር የተያያዘውን ሰነድ አንብቡ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ያለ ውይይት በጅምላ የሚጸድቁ ጉዳዮች ካሉ መጀመሪያ እነሱን ተመልከቱ፣ ውሎችና የዋጋ ማሻሻያዎች እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ለሁሉም ስብሰባ የሚበቃ ዘጋቢ አይኖራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው ሲቲ ቢሮ የተባለ የዜና ተቋም ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ነዋሪዎችን አሠልጥኖ፣ ከፍሎ፣ የሕዝብ ስብሰባዎች ላይ ተገኝተው ማስታወሻ እንዲይዙ ያደርጋል። ዶክዩመንተርስ ይባላሉ። ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። እናንተም ከሦስት ሰው ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ የማስታወሻ ቅጽ ስጧቸው፣ የሚያዩትንና የሚሰሙትን እንጂ የሚሰማቸውን እንዳይጽፉ አሠልጥኗቸው፣ በሰዓቱ ክፈሏቸው።

ደረጃ 6፦ ከመለጠፉ በፊት መስመር በመስመር

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ይሄ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ ስማችሁን የሚያድነው እሱ ነው። ጽሑፉን በወረቀት አትሙት፣ ስክሪን ላይ ዓይን ይሸወዳል። ከዚያ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን የሚችል ቃል ሁሉ ሥር መስመር ስመሩ፣ ጎኑ ላይ ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። «አውቀዋለሁ» ምንጭ አይደለም።

አንድ ዓረፍተ ነገር አብረን እንይ፦

«ምክር ቤቱ የውሃ ክፍያ ከ40 ወደ 50 ከፍ እንዲል ማክሰኞ ዕለት በ7 ለ2 ድምፅ አጸደቀ፤ ይህም የ20 በመቶ ጭማሪ ነው።»

ንጹሕ ይመስላል። እንቁጠረው። «ምክር ቤቱ» ማለት ሙሉው ምክር ቤት ነው ወይስ የውሃ ኮሚቴው? «40» የማን ክፍያ ነው፣ የመኖሪያ ቤት ወይስ የንግድ? በወር ነው ወይስ በሁለት ወር? «ማክሰኞ» ስብሰባው የተጀመረበት ነው፣ ድምፁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተሰጥቶ ከሆነስ? «በ7 ለ2» ሲባል ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ ሰው አልነበረም? «አጸደቀ» ማለት የመጨረሻ ውሳኔ ነው ወይስ የመጀመሪያ ንባብ ብቻ? መጨረሻ ላይ «20 በመቶ» የሚለው ቀርቷል። ከ40 ወደ 50 ሲያድግ ጭማሪው 10 ነው፣ 10ን ለ40 ስታካፍሉት 25 በመቶ ይሆናል። 20 በመቶ የሚመጣው በአዲሱ ዋጋ፣ በ50 ከተካፈለ ነው። ይሄን ስህተት ራሱ መሥሪያ ቤቱ መግለጫው ላይ ሊሠራው ይችላል፣ እኛም ገልብጠን እናወጣዋለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ።

በመቶኛና በመቶኛ ነጥብ መሃል ያለውን ልዩነትም እዚያው ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ግብር ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ቢያድግ ጭማሪው 5 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከነበረበት ጋር ሲነጻጸር ግን 50 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ስታደባልቋቸው ግን አንባቢው ይስታል።

ዘገባው የሚወቅሰው ሰው ካለ የሚወቀስበትን እያንዳንዱን ነጥብ ለይታችሁ በጽሑፍ ላኩለትና መልስ የሚሰጥበት በቂ ጊዜ ስጡት። «ደውለን ልናገኘው አልቻልንም» የምትሉት ስንቴ፣ መቼ፣ በምን እንደሞከራችሁ መዝገብ ካላችሁ ብቻ ነው። ከባድ ዘገባ ከሆነ ጠበቃ ያንብበው። የስም ማጥፋት ክስ መድንም አለ፣ ውድ ነው ብላችሁ አትዝለሉት።

ደረጃ 7፦ የሌላውን ጽሑፍ ስታርሙ እጃችሁን ሰብስቡ

ራሱ የሚጽፍ አለቃ አንድ ክፉ ልማድ አለው። የዘጋቢውን ጽሑፍ ይከፍትና ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ፈጣን ነው፣ ያምራልም። ዘጋቢው ግን ምንም አይማርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «እሱ ያስተካክለዋል» ብሎ ያልበሰለ ጽሑፍ ይልካል።

ሥራውን ከመጻፉ በፊት ወዳለው ጊዜ አምጡት። ዘጋቢው ከሜዳ ሲመለስ 10 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፦ ምን አዲስ ነገር አገኘህ? ማንን ይነካል? ያላገኘኸው ምንድን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው ገና አልዘገበም። ከጻፈ በኋላ ደግሞ በአስተያየት መልክ ጻፉለት እንጂ ራሳችሁ አትቀይሩ። ዴድላይን አንቆ ካልያዛችሁ በስተቀር።

የጠዋት ስብሰባ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ቆማችሁ አድርጉት።

ደረጃ 8፦ አፋችሁንም አርሙት

ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ዘገባው በአርታኢ፣ በማጣራት፣ በጠበቃ አልፎ ይወጣል። ከዚያ አለቃው የለጋሾች መድረክ ላይ ይወጣና ስለዚያው ዘገባ በነጻነት ያወራል፤ ሊያደምቀው ይፈልጋላ። እዚያ የተናገራትን ቃል ማንም አላረማትም።

ሚሲሲፒ ቱዴይ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የዜና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ማኅበራዊ ድጋፍ ገንዘብ ብክነት በሠራው ዘገባ የፑሊትዘርን የአካባቢ ዘገባ ሽልማት አሸነፈ። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ የቀድሞ ገዥ የስም ማጥፋት ክስ መሠረቱ። ክሱ ሲጀመር የተመሠረተው ዋና ሥራ አስኪያጇ አንድ የጋዜጠኝነት ጉባኤ ላይ በተናገረችው ቃል ላይ ነበር፤ የተሸለመው ጽሑፍ ላይ አልነበረም። እሷም ቃሉን አስተካክላ ይቅርታ ጠይቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ክሱን ውድቅ አደረገው፣ ግን እስከዚያ ድረስ ክርክሩ የዜና ክፍሉ የውስጥ ማስታወሻዎች ለዳኛ ይቅረቡ እስከማለት ሄዶ ነበር።

ስለዚህ ስለ ከባድ ዘገባ መድረክ ላይ የምትሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከታተመው ጽሑፍ ቃል በቃል የተወሰደ ይሁን። ከመድረክ በኋላ ሰው ከቦ ሲጠይቃችሁ «ዘገባው ላይ ያለው ነው፣ ሊንኩን ልላክልዎት» በሉ። ፖድካስትም መድረክ ነው። የራሳችሁ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽም እንደዚያው።

ደረጃ 9፦ ለለጋሽ ስትጽፉ አታጋንኑ

ለጋሾች «ዘገባችሁ ምን ለውጥ አመጣ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ክፈቱና ሁሉም ሰው የሆነውን እዚያ ይመዝግብ፦ ቀን፣ ዘገባ፣ ምን ሆነ፣ ማረጋገጫው ምንድን ነው። «በዘገባችን ምክንያት ባለሥልጣኑ ተነሳ» አትበሉ፣ ሰነድ ከሌላችሁ። «ዘገባው ከወጣ ከ9 ቀን በኋላ ባለሥልጣኑ ተነሳ» በሉ። ትንንሹንም መዝግቡ። ዲትሮይት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው አውትላየር ሚዲያ ለነዋሪዎች ስለ መኖሪያ ቤት መረጃ በስልክ አጭር መልእክት ይልክ ነበር። አንድ ሰው መልእክቱን አንብቦ የቤቱን የግብር ዕዳ አጣርቶ ከሆነ እሱም ለውጥ ነው፣ ዋና ገጽ ባይወጣም።

ደረጃ 10፦ ስትሳሳቱ

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚያስብል ነገር ይመጣባችኋል። እርማቱ ስህተቱ በነበረበት ገጽ ላይ ይውጣ፣ ቀን ይኑረው፣ ስህተቱ ምን እንደነበርና ትክክሉ ምን እንደሆነ ይናገር። ዝም ብሎ ቁጥሩን ቀይሮ ማለፍ አይሆንም፣ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው አለ። የአለቃ ስህተት ሲሆን እርማቱን አለቃው አይጻፈው። ደረጃ 3 ላይ የሾማችሁት ሰው ይጻፈው፣ እናንተ ደግሞ አንብባችሁ ቃል ሳታለሳልሱ እለፉት። የኔ እርማት የወጣው በዚያች ወጣት ዘጋቢ እጅ ነው። «አሳሳች» የሚለውን ቃል አውጭው ልላት ብዬ ተውኩት።

ደረጃ 11፦ የመተኪያ ፋይል

ነገ ጠዋት ባትመጡ ቤቱ መሥራት አለበት። አንድ ፋይል አዘጋጁ፤ ውስጡ የድረ ገጹና የባንኩ አካውንት ሁለተኛ ፈራሚ ማን እንደሆነ፣ የግራንት ሪፖርቶች የሚደርሱበት ቀን፣ የጠበቃው ስልክ፣ የድረ ገጹ ስም ምዝገባ የሚታደስበት ቀን ይግባ። ፓስወርዶቹን እዚያ አትጻፉ፣ በፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ ሁለት ሰው ይያዛቸው። ምስጢራዊ ምንጮቻችሁ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አይገቡም። ስማቸውን የሚያውቀው እናንተና ዘገባውን ያረመው ሰው ብቻ ነው።

በየሦስት ወሩ ካላንደራችሁን ከፍታችሁ የተዘጉትን የዘገባ ቀናት ቁጠሩ። ከግማሽ በላዩ በስብሰባ ተበልቶ ካገኛችሁት የያዛችሁትን ጉዳይ ከነማስታወሻው ለሌላ ዘጋቢ አስረክቡ፣ ስሙም የእሱ ይሁን። እኔ ሁለተኛው ሩብ ዓመት ላይ የጨረታውን ጉዳይ ያስረከብኩት እንደዚያ ነው፤ ሁለት ካርቶን ሰነድና አንድ በቢጫ የተቀለመ ረቂቅ።